በሦስት ምስማር ላይ የተቀመጠ ውሃ

ወደ ደሴቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሻገርኩት ኅዳር አሥራ አራት ቀን ነው። ለሰው ስናገር ሁልጊዜ የምለው እንዲህ ነው። በዚያን ጊዜ የያዝኩት ማስታወሻ ደብተር ግን ኅዳር አሥራ ሰባት ይላል፤ ጽሑፉም የእኔው ነው። ደብተሩንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አላምነውም። በደረስኩበት ቀን የቤቱ ጠባቂ መጋረጃዎቹን አጥበው በረንዳው ላይ አስጥተዋቸው እንደነበር በደንብ አስታውሳለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ከወሩ የመጀመሪያ ሳምንት ውጭ መጋረጃ አጥበው እንደማያውቁ ኋላ ሰምቻለሁ። እንግዲህ ወይ እኔ ተሳስቻለሁ፣ ወይ እሳቸው በዚያ ወር ከልማዳቸው ወጥተዋል። እሳቸውን ካወቅኩ በኋላ ሁለተኛውን ማመን አቅቶኛል። ስለዚህ የኅዳር መጀመሪያ ነበር ልበልና ልለፈው።

ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቋንቋ አስተምራለሁ፤ በትርፍ ጊዜዬ ልብ ወለድ እሞክራለሁ። አንድ መጽሔት የሙት መንፈስ ታሪክ ፈልጎ ስለነበር፣ ከሐይቁ መሀል ስላለው የነጋዴው ቤት የሰማሁትን ይዤ የዘጠኝ ቀን ፈቃድ ወሰድኩ።

የሰማሁት ይህን ነው። ከመቶ ዓመት በፊት አንድ የእንጨት ነጋዴ ለሚያገባት ልጅ ደሴቱ ላይ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ያሠራል። ሙሽራይቱ በሠርጓ ቀን ስትሻገር ጀልባዋ ትገለበጣለች። ነጋዴው ቤቱን ዘግቶ ይሄዳል፤ ተመልሶም አይመጣም። ከዚያ ወዲህ ከላይኛው ፎቅ የእግር ኮቴ ይሰማል፤ የተዘጋ በር ራሱን በራሱ ይከፍታል። ይህን የሚያረጋግጥ አንድም ወረቀት አላገኘሁም፤ እውነቱን ለመናገር አጥብቄም አልፈለግሁም። ለልብ ወለድ ይበቃኝ ነበር።

ያሻገረኝ ባለ ጀልባ ቀጭን፣ ከሞተሩ ድምፅ በላይ ማውራት የለመደ ሰው ነበር።

«ወደ ነጋዴው ቤት ነህ?» አለኝ።

«አዎ።»

«ለሥራ ነው ለመፍራት?»

«ለሁለቱም።»

«እንግዲያስ እድለኛ ነህ። እትዬ ቁልፍ ሥራ አያሳጡህም። መፍራቱን ግን እንጃ፤ እዚያ ቤት ውስጥ የሚያስፈራ ነገር ቢኖር እሳቸው ናቸው።»

«ሙሽራይቱስ?»

ከት ብሎ ሳቀ። «ሙሽራይቱ አንድ ቀን ብትወጣባቸው፣ እግርሽን ጥረጊና ግቢ ነው የሚሏት። የወንድሜ ሚስት ስለሆኑ አውቃቸዋለሁ። እኔን ዋርሳቸውን እንኳ በጭቃ ጫማ አሳልፈውኝ አያውቁም።»

ቤቱ ከታች ድንጋይ፣ ከላይ እንጨት ነው። በስተምሥራቅ ያለው ግድግዳ ሐይቁ ዳር ድረስ ይወርዳል፤ ውሃው በሞላ ጊዜ ማዕበሉ መሠረቱን ይልሰዋል። ከሩቅ ሲያዩት ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል። በረንዳው ላይ ቆመው የምሰሶዎቹን መስመር ከአድማሱ ጋር ሲያስተያዩት ግን ወደ ውሃው በትንሹ ማዘንበሉ ይታያል፤ ወንበር ላይ ሆኖ እንቅልፍ እንደጣለው ሰው።

እትዬ ቁልፍ አጭር፣ ክንደ ጠንካራ፣ ወደ ሃምሳ የሚጠጉ ሴት ነበሩ። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው የደሴቱ ሰዎች ናቸው። ወገባቸው ላይ ባሰሩት ገመድ ሃያ ሦስት ቁልፍ ይንጠለጠላል፤ ሲሄዱ ግን አንዱም አይሰማም፤ በግራ እጃቸው ጭብጥ አድርገው ይይዙታል። የመጀመሪያው ንግግራችን ይህ ነበር፦

«ስንት ቀን ነው የምትቆየው?»

«ዘጠኝ ቀን።»

«አንሶላ ሁለት አለ። በአምስተኛው ቀን አንዱን ትሰጠኛለህ። ደረጃው ላይ ሰባተኛውን እንዳትረግጠው።»

«ምን አለበት?» አልኩ፤ እጄ ወደ ደብተሬ እየሄደ።

«የተሰነጠቀ እንጨት።»

እንዲህ ነበሩ። ወደ እያንዳንዱ ባዶ ክፍል ከመግባታቸው በፊት በሩ ላይ ቆመው ሁለት ጊዜ «እህ፣ እህ» ይላሉ፤ ሰው ያለበት ክፍል እንደሚገባ ጨዋ ሰው። ይህን ሁለት ቀን በደስታ መዘገብኩት። በሦስተኛው ቀን አልቻልኩም።

«ለማን ነው የሚያስሉት?»

«ለሌሊት ወፎቹ። ሳላሰማቸው ከገባሁ ፊቴ ላይ ነው የሚመጡት።»

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ነበር። እሳቸው የመጋረጃ ጠርዝ ይሰፋሉ፤ እኔ የምጽፍ እመስላለሁ። ከላያችን ኮቴ ተሰማ። ከበሩ ተነስቶ ወደ መስኮቱ፣ ቀስ ብሎ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ መርፌያቸውን እንኳ አላቆሙም።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«እዚህ ተቀምጠው?»

«ቅድም መስኮት ልከፍት ስሄድ የረገጥኩት ነው። ጣውላው ሲረገጥ ይጎብጣል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ቀጥ ይላል። በረገጥኩት ተራ ነው የሚመለሰው። ቆጥረህ ከሆነ ዘጠኝ ነው።»

ዘጠኝ ነበር።

ስለ ሕይወታቸው ያወቅኩት ጥቂቱን ከራሳቸው፣ ብዙውን ከባለ ጀልባው ነው። የተወለዱት ከሐይቁ ማዶ ነው፤ ከስምንት ልጆች ስምንተኛ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው አንድ ጀልባ ሠሪ አገባቸው፤ ወደ ደሴቱም የመጡት እሱ በሠራት ጀልባ ነበር። ያን ጊዜ የነጋዴው ቤት የባቡር ሠራተኞች ማረፊያ ነበር፤ ከሕመም የተነሱ ሰዎች አየር ሊለውጡ ይመጡበታል። እሳቸው አንሶላ አጣቢ ሆነው ተቀጠሩ። ከዕለታት አንድ ቀን ማረፊያው ተዘጋ። ኃላፊው ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ ቁልፎቹን በእጃቸው አስቀመጠና፣ «ለአንድ ሳምንት ያዢልኝ፤ የሚረከብ ሰው ይመጣል» አላቸው።

ማንም አልመጣም። አራት ዓመት። በእነዚያ አራት ዓመታት እትዬ ቁልፍ መስኮቶቹን ጠዋት ከፍተው ማታ ዘጉ፤ በወሩ መጀመሪያ መጋረጃ አጠቡ፤ ባላቸው ደግሞ ሥራ ሲፈታ የበሰበሰ ጣውላ ይቀይር ነበር። በኋላ የቅርስ ቢሮ ሰዎች ቤቱ ምን ያህል እንደፈራረሰ ሊመዘግቡ ሲሻገሩ የተወለወለ ወለል አገኙ። ባለ ጀልባው ይህን ሲነግረኝ፣ «ከመካከላቸው አንዱ ደንግጦ ወደ ጀልባው ተመለሰ» አለኝ፤ «ያልተጠበቀ ነገር ማለት እሱ አይደል፣ የመንግሥት ሰው ሄዶ ንጹሕ ቤት ማግኘት!» በዚያው ቀጠሯቸው። ከወጥ ቤቱ ጀርባ አንዲት ክፍል ተሰጠቻቸው፤ ባላቸው ሲሞት የደሴቱን መንደር ትተው ጠቅልለው ገቡባት። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ከተማ ውስጥ በመድኃኒት ቤት ትሠራለች።

«ልጅዎ ዘንድ አይሄዱም?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«እሷማ ነይ ትላለች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ምን ልጠብቅ?»

በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ያየሁትን ሁሉ ጠየቅኳቸው፤ የጠየቅኩትን ሁሉ እየመለሱ የሙት መንፈሴን አንድ በአንድ ገደሉብኝ። ሳልጠይቃቸው የቀረ አንድ ነገር ነበር። አሁን ሳስበው ያልጠየቅኩት ሆን ብዬ ይመስለኛል። እሱንም ከመለሱልኝ ባዶ እጄን መመለሴ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። በላይኛው ፎቅ፣ ሐይቁን በምታየው ክፍል፣ ወለሉ ላይ ጠርዙ ዝቅ ያለ ረጅም የቆርቆሮ ትሪ ነበር። እትዬ ቁልፍ ተንበርክከው አንድ ኩባያ ውሃ በቀስታ ገለበጡበት። ከዚያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ረጅም ጊዜ ቆዩ። ሲጨርሱ ከኪሳቸው ቀጭን ስንጥር አውጥተው የትሪውን ጫፍ ነካ አደረጉና ውሃውን እንዳለ ትተው ወጡ። በበሩ ክፍተት ቆሜ ሳያዩኝ አየኋቸው። ወደ ክፍሌ ወርጄ ደብተሬን ከፈትኩ።

ታሪኩን በሁለት ሳምንት ጻፍኩት። በእኔ ታሪክ በውሃ የሞተችው ሙሽራ ውሃ ይጠማታል። አንዲት አሮጊት ጠባቂ በየሳምንቱ ቅዳሜ በትሪ ውሃ ታቀርብላታለች፤ ጸሎት ደግማ፣ ትሪውን በእንጨት አንኳኩታ ትወጣለች። ያን ውሃ ያከበረ ፍቅረኛ ትዳሩ ይሰምራል። ይህን የመጨረሻውን የጨመርኩት የመጽሔቱ አዘጋጅ «ትንሽ ተስፋ አስገባበት» ስላለኝ ነው። የደሴቱን ስም ቀየርኩ፤ ግን ቤቱን እንዳለ ሳልኩት። ያየው ሁሉ ያውቀዋል።

ታሪኩ ከመጽሔት ወደ መጽሐፍ፣ ከመጽሐፍ ወደ ሬዲዮ ተሻገረ። ከጻፍኳቸው ሁሉ ሰው ያነበበልኝ እሱን ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ያለ ደብተር፣ ቤቱን ላየው ብቻ ተሻገርኩ። ባለ ጀልባው አሁን ጀልባው ላይ ጥላ አስተክሏል፤ ወንበሩንም ቀለም ቀብቶታል።

«ና ግባ፣ ምሁሩ!» አለኝ። «ስንት ሙሽራ እንዳሻገርኩ ታውቃለህ ባንተ የተነሳ? አንዷ ቬሏ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ልትሞትብኝ ነበር። እንኳን አልሞተች፤ ሁለት ሙሽራ ያ ቤት አይችልም።»

እትዬ ቁልፍ በረንዳው ላይ ነበሩ። ትንሽ ከስተዋል። ቁልፎቹን እንደ ወትሮው ጭብጥ አድርገዋል።

«ታሪክህን ልጄ አነበበችልኝ» አሉ፣ ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ። «ጥሩ ነው። ሙሽራይቱ አሳዘነችኝ። ጠባቂዋ ግን ብዙ ታወራለች።»

«ይቅርታ» አልኩ፤ ሌላ የምለው አጥቼ።

«ና፣ ላሳይህ።»

ሰባተኛውን ደረጃ ዘለን ወጣን። በላይኛው ክፍል ትሪው በቦታው አለ። ውስጡ የጠወለገ አበባ፣ የተጠቀለለ ወረቀት፣ አንድ የፀጉር ማስያዣ ነበረበት። ግድግዳው ላይ በእጃቸው ጽሑፍ «አትንኩ» የሚል ካርቶን ተለጥፏል።

«ይሄንን ስለጥፍ ባሰባቸው» አሉ። «የሞተችው ሙሽራ ናት የጻፈችው ተባባሉ።»

ከዚያ ተንበረከኩና አበባውን አውጥተው ትሪውን ከአንድ ጎን ቀና አደረጉት። ከሥሩ ወለሉ ላይ ሦስት ምስማሮች ነበሩ፤ ግማሽ ጣት ያህል ከጣውላው ብቅ ያሉ። ትሪው የሚቀመጠው በእነሱ ላይ ነበር። አንደኛው ጎብጧል።

«ባሌ ነው የመታቸው» አሉ። «በመጨረሻው ዓመት፣ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ መጋዝ መያዝ ሲያቅተው። ያ በር በራሱ ይከፈት ነበር። ሰዉ ሙሽራይቱ ናት አለ። እሱ ደግሞ፣ የምትከፍተው እሷ ከሆነች ደግ፤ ቤቱ ከሆነ ግን ማወቅ አለብን አለ። ጀልባ ሠሪ የጀልባውን ወለል የሚያስተካክለው በውሃ ነው። ዝርግ ነገር ላይ አንድ ኩባያ ታፈሳለህ። ሁለት መቶ ትቆጥራለህ፤ ውሃው እስኪረጋ። ከዚያ ደረቅ የቀረውን በስንጥር ትለካለህ። ቤቱ ካዘነበለ ደረቁ ይሰፋል፤ ካላዘነበለ እንዳለ ነው። ውሃ አይዋሽም ይል ነበር።»

ሁለት መቶ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ያየሁት ይህ ነበር።

በአጠገቧ ወዳለችው ክፍል ወሰዱኝና የቁም ሳጥን በር ከፈቱ። በሩ ከውስጥ በኩል ከላይ እስከ ታች በእርሳስ መስመር ተሞልቷል። እያንዳንዱ መስመር ስንጥሩን አስደግፈው ያሰመሩት ነው፤ በጎኑ ቀን ተጽፎበታል። የአሥራ አንድ ዓመት ቅዳሜዎች። የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ቀስ በቀስ እየረዘሙ ይሄዳሉ። ከዚያ መርዘማቸውን ያቆማሉ። ከሦስት ዓመት በላይ፣ አንዱ ከአንዱ በፀጉር ያህል እንኳ ሳይለይ፣ ተደርድረዋል።

«ቆሟል» አልኩ።

«ቆሞ ነበር።» በጣታቸው የመጨረሻውን መስመር ነኩ። «እስከዚህ ድረስ አውቃለሁ። ከሰባት ወር በፊት አንዱ ሙሽራ ፎቶ ሊነሳ ብሎ ትሪውን ደረቱ ላይ አቀፈው። ሲያስቀምጠው ምስማሩን አጎበጠው። ባቃናውም ያው አይሆንም፤ አዲስ ልኬት ነው፣ ከአሮጌው ጋር አይነጋገርም። እሺ ብዬ እንደ አዲስ ጀመርኩ። በሳምንቱ ሌላ መጣና ገፋው። ክፍሉን ቆለፍኩ። ከቢሮው ደብዳቤ መጣ፤ ጎብኚ የሚመጣው ለዚያች ክፍል ነውና አትቆልፊ የሚል።»

«ለቢሮው ለምን አልነገሯቸውም?»

«ነግሬያለሁ። ሰውዬው ሳቀ። ታዲያ እኛም እሱን ነው የምንለው፣ ውሃው ለቤቱ ደግ ነው አለኝ።»

ከዚያ ለምን እንዳሳዩኝ ገባኝ። በዚያው ዓመት ሐይቁ ከወትሮው እጅግ ሞልቶ ነበር፤ ማዕበሉ የበረንዳውን የታችኛውን እርከን አልፎ ገብቷል። ቢሮው ቤቱ ያሰጋል ብሎ መሐንዲስ ሊልክ ነው። ማዘንበሉ ከቆመ መሠረቱ ይጠገናል፤ እሳቸውም በቦታቸው ይቆያሉ። ካልቆመ ይዘጋል፤ ማንም አያድርበትም። መሐንዲሷ የምትመጣው በማግስቱ ነበር።

«ሐይቁ የሞላው በየትኞቹ ወራት ነው?» አልኩ፤ መልሱን እያወቅኩት።

«በነዚሁ በሰባቱ» አሉና የቁም ሳጥኑን በር ዘጉት።

መሐንዲሷ ወጣት ናት፤ ጫማዋን በረንዳው ላይ ሳትጠየቅ ስላወለቀች እትዬ ቁልፍ ወደዷት። እኔን የቤቱ ዘመድ መስያት «የሜትሩን ጫፍ ያዝልኝ» አለችኝ። ግማሽ ቀን አብሬያት ዞርኩ። ድንጋዩን አንኳኳች፤ ስንጥቁ ውስጥ ቀጭን ሽቦ እየከተተች ለካች፤ ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበትን ክር ከፎቁ ወደ ታች ለቀቀች። በመጨረሻ እትዬ ቁልፍ የቁም ሳጥኑን በር ከፈቱላት።

መሐንዲሷ ከላይ እስከ ታች አየችው። መነጽሯን አውልቃ እንደገና አየችው።

«እማማ፣ ይሄን የሠራው ሰው ምን ነበር?»

«ጀልባ ሠሪ።»

«እኛ ቢሮ ቢመጣ የኔን ወንበር ይወስድ ነበር።» ደብተሯን አውጥታ መስመሮቹን አንድ በአንድ መገልበጥ ጀመረች። እትዬ ቁልፍ ከጀርባዋ ቆመዋል። ፊታቸው ላይ ያን ዕለት ያየሁትን ነገር ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁትም። ኩራት ልበለው፤ ሌላ ቃል የለኝም።

መሐንዲሷ መጨረሻው መስመር ላይ ደረሰች።

«ከዚህ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ የለም።»

«ሰባት ወር ነው እኮ፣ እማማ። ሐይቁ የሞላው ያኔ ነው። እኔ የምፈልገው ይሄን ነው። ከዚህ በፊት መቆሙን ይሄ በር ይመሰክራል፤ ውሃው መሠረቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ምን እንዳደረገ...» ቀና አለች። «ለምን ተቋረጠ?»

እኔ ሜትሩን ይዤ ወደ ትሪው ክፍል በሚያሳልፈው በር ሥር ቆሜያለሁ። የካርቶኑ ጽሑፍ ከቆምኩበት ይታየኛል። ትሪውን በዚያች ጠዋት እትዬ ቁልፍ አጽድተውታል፤ አንድም አበባ አልነበረበትም። ሦስት ዓመት ሙሉ በየመድረኩ ስለዚያ ትሪ ተጠይቄ አፍ እንዳለኝ ሁሉ፣ ያን ጊዜ ምላሴ ታሰረ። «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው። እሳቸው ለኮቴው ብለውታል፣ መርፌያቸውን ሳያቆሙ።

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ቁልፍ። «ሳጸዳ አነሳሁት። ምስማሩ ጎበጠ።»

መሐንዲሷ አየቻቸው፤ ከዚያ ወለሉን አየች። ዓይኗ እንደ መስተዋት የተወለወለው ጣውላ ላይ ትንሽ ቆየ። ያመነቻቸው አልመሰለኝም። ግን የተነገራትን ጻፈች፤ ሥራዋ ነው። «ልኬቱ በጽዳት ወቅት በጥበቃ ሠራተኛዋ ምክንያት ተቋርጧል።» ጮክ ብላ አነበበችላቸው።

«ልክ ነው» አሉ።

«እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎ። ቆሟል ብዬ መፈረም አልችልም። አልቆመምም ማለት አልችልም። ሁለት ዓመት በመሣሪያ ይለካ ነው የምለው። እስከዚያ ሰው አያድርበትም። አንድ ሳምንት እሰጥዎታለሁ።»

«መስኮቶቹን ማን ይከፍታል?»

መሐንዲሷ ወደ እኔ ዞራ ሜትሩን ተቀበለችኝ።

ሳምንቱን ደሴቱ ላይ ቆየሁ፤ የማድረው ባለ ጀልባው ቤት ነው። ልጃቸው ከከተማ መጣች። እናቷን የምትመስል፣ ከእናቷ ይልቅ የምትቆጣ ሴት ናት፤ ማን መሆኔን ባወቀች ጊዜ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና ሣጥን አሸከመችኝ። ዕቃቸው ጥቂት ነበር። ብዙውን ጊዜ የወሰደው የእሳቸው ዕቃ ሳይሆን የቤቱ ነው፤ መጋረጃ አጥበው አጣጥፈው፣ ወንበሮቹን በአንሶላ ሸፍነው፣ እያንዳንዷን ቁልፍ በወረቀት ቁራጭ የየትኛው በር እንደሆነች ጽፈውባት አሰናዱ። ቁልፎቹን በአምስተኛው ቀን የቢሮው ሰው ተረከባቸው። ከዚያ በኋላ ሲሄዱ ግራ እጃቸው አሁንም ጭብጥ እንዳለ ነበር።

በነዚያ ቀናት ለምን እንዲያ እንዳሉ ልጠይቃቸው ሰባት ጊዜ ያህል ተነስቻለሁ። አንዴ ልጃቸው ትገባለች። አንዴ እሳቸው ራሳቸው «ያን ጫፍ ያዝ» ይሉኛል። ብዙውን ጊዜ ግን ማንም አልከለከለኝም። አዝነውልኝ ነው? ለቢሮው ሰው ተናግረው ስለተሳቀባቸው ዳግመኛ መናገር ሰልችቷቸው ነው? ወይስ እውነትም ጥፋቱ የራሳቸው ነው ብለው ያምናሉ፤ ቁልፍ ይዘው ሳይቆልፉ በመቅረታቸው? ሦስቱም ሊሆን ይችላል። ልብ ወለድ ቢሆን አንዱን መርጬ እጽፈው ነበር። ይህን ግን ልመርጥላቸው አልፈለግሁም፤ ከአፋቸው መስማት ነበረብኝ።

መሄጃቸው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው ተባለ። ጠዋት ሄጄ ብቻቸውን አገኛቸዋለሁ፤ ምንም ቢሆን እጠይቃለሁ ብዬ ቆርጬ አደርኩ። ፊቴን ታጥቤ ስወጣ የባለ ጀልባው ሚስት ግቢውን እየጠረገች ነው።

«እነ እትዬ ወረዱ እኮ» አለችኝ።

«ከምሳ በኋላ አልነበር?»

«ንፋስ አለ። ባሌ ከሰዓት ውሃው ይከፋል ብሎ አስነሳቸው። እትዬ እንደሆኑ ካልነጋ ጀምሮ ቁጭ ብለዋል።»

በመንደሩ ቁልቁለት ሮጥኩ። ከላይ ሆኜ ጀልባዋን አየኋት፤ ዕቃው ተጭኗል፣ በሸራ ተሸፍኗል፣ ልጃቸው ፊት ለፊት ተቀምጣለች። እትዬ ቁልፍ መሀል ላይ፣ ጥላው ሥር። ጀልባ ማቆሚያው ጫፍ ስደርስ ባለ ጀልባው ገመዱን ፈትቶ በመቅዘፊያ እየገፋ ነበር፤ በእኛ መካከል አሥር እርምጃ ያህል ውሃ አለ።

«እትዬ!» አልኩ።

ዞሩ። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ፀሐዩን ከለሉ።

«አቤት? የረሳኸው ዕቃ አለ?»

«የለም። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር።»

«ምን?»

ልጃቸው ዞራ አየችኝ። ባለ ጀልባው መቅዘፊያውን አስቀምጦ ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለ።

አፌን ስከፍት ሞተሩ ተነሳ። እሳቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ጆሮአቸውን ወደ እኔ ሰጡ፤ ትንሽ ቆዩ፤ ከዚያ እንደማይሰማ በእጃቸው ምልክት ሰጥተውኝ ወደ ፊታቸው ዞሩ።